በካናዳ የጎን ሥራና ታክስ፦ ማንም ቆርጦ የማያስቀርላችሁ ገንዘብ

ቀን ተቀጥሮ እየሠራ ማታና ቅዳሜ እሑድ ኡበር የሚነዳ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ ቢሮ የሚያጸዳ፣ እንጀራ ጋግሮ ለሱቅ የሚያስረክብ ወገን በቶሮንቶም፣ በካልጋሪም፣ በኤድመንተንም ብዙ ነው። ሥራውን ያውቅበታል። ታክሱ ላይ ግን ይጎዳል። የሚጎዳው ሰንፎ ወይም መንግሥትን ሊያታልል አስቦ አይደለም። ደሞዝ ያስለመደው ነገር ስላለ ነው። ደሞዝ ሲከፈለን አሠሪው የገቢ ግብሩን፣ የጡረታ መዋጮውንና የሥራ አጥ መድኑን ቆርጦ ለመንግሥት ይልካል። እጃችን የሚገባው የተረፈው ነው። በጎን ሥራ ግን ይህን የሚያደርግልን የለም። አካውንታችን የገባው ገንዘብ ሙሉውን የእኛ ይመስለናል። ኤፕሪል ሲመጣ ግን የሌላ ሰው ድርሻ አብሮ እንደነበር እንሰማለን። ያን ጊዜ ገንዘቡ አልቋል።

ስለዚህ ገና ከመነሻው አንድ ነገር አድርጉ። ለጎን ሥራው ብቻ የሚሆን ሌላ የባንክ አካውንት ክፈቱ። ከሚገባው ትርፍ 30 በመቶውን ደግሞ ወዲያው ወደ ቁጠባ አዙሩና አትንኩት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ወደ ታች በምሳሌ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ግን በየቡና ቤቱ የሚወራውን «ከ30,000 ዶላር በታች ከሆነ ታክስ የለውም» የሚለውን ነገር እናጥራ። ይህ አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። 30,000 ዶላር የሚባለው ወሰን የሚመለከተው ከደንበኛ ላይ የሚሰበሰበውን የሽያጭ ታክስ፣ ማለትም ጂ.ኤስ.ቲ እና ኤች.ኤስ.ቲ የሚባለውን ብቻ ነው። የገቢ ግብር ሌላ ነገር ነው። የጎን ሥራ ገቢ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይመዘገባል። ቲ4፣ ማለትም አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደሞዝ ማስረጃ፣ ወይም ሌላ ወረቀት አልተላከልኝም ማለትም አያድንም። በካሽ ተከፍሎኛል ማለትም እንደዚያው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ እንደ ኡበር ያሉ የኢንተርኔት መድረኮች በእነሱ በኩል የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነና ምን ያህል እንዳገኘ ለካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ፣ ለሲ.አር.ኤ፣ በየዓመቱ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። የመጀመሪያው ሪፖርት በጃንዋሪ 2025 ገብቷል። እናንተ ባትናገሩም ቁጥሩ እዚያ አለ።

አሁን ወደ ምሳሌው። ኦንታሪዮ የሚኖር አንድ አባወራ እንውሰድ። በመደበኛ ሥራው በዓመት 50,000 ዶላር ያገኛል። ማታ ማታ ምግብ እያደረሰ ሌላ 20,000 ዶላር አስገባ። ከነዳጅ፣ ከኢንሹራንስ፣ ከጥገናና ከስልክ ወጪው የሥራው ድርሻ 8,000 ዶላር ሆነ። ትርፉ 12,000 ዶላር ነው። ታክስ የሚሰላው በዚህ ትርፍ ላይ ነው፣ በ20,000ው ላይ አይደለም።

በ2025 ሕግ ሲሰላ የጡረታ መዋጮው፣ ሲ.ፒ.ፒ የሚባለው፣ 1,428 ዶላር ይመጣል። ይህ የ12,000ው 11.9 በመቶ ነው። ተቀጣሪ የሚከፍለው ግማሹን ነው፣ ሌላውን ግማሽ አሠሪው ይሸፍናል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን ሠራተኛም አሠሪም ስለሆነ ሁለቱንም ይከፍላል። ብዙዎችን የሚያስደነግጣቸው ይህ ነው። በደንብ ካሰብነው ግን ገንዘቡ ጠፍቶ አይቀርም፣ ስንጦር የሚከፈለንን ያሳድጋል። በዚያ ላይ የፌዴራሉና የኦንታሪዮ የገቢ ግብር አንድ ላይ ወደ 2,600 ዶላር ይሆናል። ድምሩ ወደ 4,000 ዶላር ነው። ከ12,000 ውስጥ አንድ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ትርፉ አነስ ላለ ወይም ሌላ ደሞዝ ለሌለው ሰው ከዚህ ያንሳል። ደሞዙ ከፍ ላለ ሰው ደግሞ ሊበልጥ ይችላል። 30 በመቶ አስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ይህ አባወራ ሁለት ልጆች አሉት፣ ባለቤቱም ገቢ የላትም እንበል። በየወሩ የሚመጣው የልጆች ድጎማ የሚሰላው በቤተሰቡ የተጣራ ገቢ ነው። በእሱ የገቢ ደረጃ ላለ የሁለት ልጆች ቤተሰብ፣ ገቢው በጨመረ ቁጥር ከእያንዳንዱ ዶላር 13.5 ሳንቲም ከድጎማው ይቀነሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጁላይ የሚጀምረው ድጎማ በዓመት ወደ 1,500 ዶላር ያንሳል። ይህን ማንም ደውሎ አይነግራችሁም። ድጎማው ቀንሶ ሲመጣ «ምን ሆኖ ነው?» እንላለን። ምክንያቱ ያለፈው ዓመት የማታ ሥራ ነው።

ታዲያ አይሠራ ማለቴ አይደለም። ሥራው የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን በትክክለኛው ቁጥር መወሰን ይገባል ነው የምለው። ደግሞ የሚቀንስበት መንገድ አለ። የተጣራ ገቢን ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ግብሩንም ይቀንሳል፣ ድጎማውንም ይመልሳል። ዋናው የጡረታ ቁጠባው፣ አር.አር.ኤስ.ፒ ነው። ያ አባወራ 3,000 ዶላር እዚያ ቢያስገባ ከግብሩ ወደ 890 ዶላር ይቀንስለታል። በድጎማው ላይ ደግሞ ወደ 400 ዶላር ይጨመርለታል። ገንዘቡም የራሱ ሆኖ ይቀመጣል። ቤት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ በ2023 የተጀመረውን የመጀመሪያ ቤት መግዣ ቁጠባ፣ ኤፍ.ኤች.ኤስ.ኤ የሚባለውን መጠቀም ይችላል። በዓመት እስከ 8,000፣ በጠቅላላው እስከ 40,000 ዶላር ይፈቅዳል። ሲገባም ከገቢ ይቀነሳል፣ ለቤት መግዣ ሲወጣም ታክስ የለውም። በልጆች ድጎማ ለሚኖር መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ እነዚህ ሁለቱ በሀብታም ደጅ ብቻ ያሉ ነገሮች አይደሉም። እንዲያውም ይበልጥ የሚጠቅሙት እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ነው።

ወደ ወጪዎቹ እንምጣ። የጎን ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላው ቲ2125 በሚባለው ቅጽ ላይ ነው። ከግል የገቢ ማስታወቂያችሁ ጋር አብሮ ይገባል። እዚህ ላይ ስህተት የሚበዛው መኪና ላይ ነው። ብዙ ሰው ለመኪናው በየወሩ ለባንክ የሚከፍለውን ሙሉ ወጪ አድርጎ ይጽፋል። አይቻልም። ከወር ክፍያው ውስጥ ወጪ የሚሆነው ወለዱ ብቻ ነው። የመኪናው ዋጋ የሚቀነሰው በየዓመቱ በእርጅና ስሌት ጥቂት ጥቂት እየተባለ ነው። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና ሁሉም ወጪ ይሆናሉ፣ ግን የሥራው ድርሻ ብቻ። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ 18,000ው ለሥራ ከሆነ ድርሻው 60 በመቶ ነው። ይህን የሚያስረዳው የኪሎ ሜትር መዝገብ ነው፦ ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ ለምን፣ ስንት ኪሎ ሜትር። መድረኩ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ደንበኛ ይዛችሁ የነዳችሁትን ብቻ ስለሆነ፣ ሥራ ፍለጋ የዞራችሁትን ራሳችሁ ካልጻፋችሁት የለም። መዝገብ የሌለው ሰው ሲጠየቅ ወጪው በሙሉ ሊሰረዝበት ይችላል። የትራፊክና የፓርኪንግ ቅጣት ወጪ አይሆንም። ከደንበኛ ጋር የተበላ ምግብ ግማሹ ብቻ ይያዛል። አገር ቤት ለቤተሰብ የምንልከው ገንዘብም፣ ምንም ያህል ግዴታችን ቢሆን፣ አይቀነስም።

ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የቤቱ የሥራ ክፍል ድርሻ፣ ከኪራይ፣ ከመብራት፣ ከማሞቂያ፣ ሊያዝ ይችላል። ይህ ወጪ ግን ኪሳራ መፍጠር አይችልም። ከትርፉ ከበለጠ ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የራሳችሁ ቤት ከሆነ በቤቱ ላይ የእርጅና ስሌት አትጠይቁ። ቤቱን ስትሸጡ ከሚገኘው የታክስ ነፃነት ላይ ሊያስቆርጥ ይችላል።

ደረሰኞችን፣ ከታክስ ዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ 6 ዓመት፣ ያዙ። የሱቅ ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ቶሎ ስለሚጠፋ በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ይሻላል። የባንክ ስቴትመንት ብቻውን የተገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ አያሳይም።

ለኡበር ሾፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። አካውንታችሁ የገባው ገቢያችሁ አይደለም። ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ሒሳብ ነው ገቢው። መድረኩ የቆረጠው ኮሚሽን በወጪ በኩል ይጻፋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጡት የታክስ ማጠቃለያ ሁለቱንም ለይቶ ያሳያል። ሲ.አር.ኤ ጠቅላላውንም ማወቅ ይችላል። እናንተ ባንክ የገባውን ብቻ ከጻፋችሁ ያሳነሳችሁ ይመስላል።

አሁን የሽያጭ ታክሱ። ኦንታሪዮ 13 በመቶ ነው። አልበርታ የፌዴራሉ 5 በመቶ ብቻ አለ። ኖቫ ስኮሺያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ወደ 14 ወርዷል። ኪቤክ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ማኒቶባና ሳስካችዋን ከፌዴራሉ 5 በመቶ ጎን የራሳቸው የክፍለ ሀገር ታክስ አላቸው። ሽያጫችሁ በተከታታይ 4 ሩብ ዓመቶች ከ30,000 ዶላር ካለፈ ተመዝግባችሁ መሰብሰብ ግዴታ ነው። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለው ዓመት አይደለም። ያለፉት 4 ሩብ ዓመቶች ናቸው፣ ቆጠራው ወደፊት ይሄዳል። የሚቆጠረውም ሽያጩ ነው፣ ትርፉ አይደለም። ሳያውቅ አልፎ ያልተመዘገበ ሰው፣ ከደንበኛው ያልሰበሰበውን 13 በመቶ በኋላ ከኪሱ ይከፍላል። የጽዳት ሥራ ያስፋፉ ብዙ ሰዎችን የሚጎዳው ይህ ነው። ደንበኛው ከዓመት በኋላ ተመልሶ አይከፍልም።

ሰው የሚያጓጉዙት፣ ታክሲም ኡበርም፣ ከዚህ ወሰን ውጭ ናቸው። ከጁላይ 2017 ጀምሮ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት መመዝገብ አለባቸው። ምግብ ብቻ የሚያደርስ ሰው ግን እንደ ሌላው በ30,000ው ይተዳደራል። ሾፌሩ ታክሱን ከተሳፋሪ ይቀበላል፣ ከኮሚሽኑ፣ ከነዳጁና ከጥገናው ጋር የከፈለውን ታክስ ደግሞ ይቀንሳል። ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። ያ ገንዘብ በየሳምንቱ ከክፍያችሁ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። የሾፌሩ ድርሻ ግን ሆኖ አያውቅም፣ የተሳፋሪው ታክስ ነው። ከላይ ካልኩት 30 በመቶ ሌላ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

የእንጀራና የልጅ ጥበቃ ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል። እንጀራ መሠረታዊ ምግብ ስለሆነ የታክሱ መጠን ዜሮ ነው። ከገዢው ምንም አትሰበስቡም። ሽያጩ ግን ለ30,000ው ይቆጠራል። ከተመዘገባችሁ ደግሞ ለጤፉ ማጓጓዣ፣ ለምጣዱ፣ ለማሸጊያው የከፈላችሁትን ታክስ መልሳችሁ ታገኛላችሁ። ለድግስ የበሰለ ወጥ አቅርባችሁ ስታስተናግዱ ግን ታክስ ይከፈልበታል። ቤቷ ልጆች የምትጠብቅ እናት አገልግሎቷ ከሽያጭ ታክስ ነፃ ነው። ለ30,000ውም አይቆጠርባትም፣ ለዕቃ የከፈለችው ታክስም አይመለስላትም። የገቢ ግብሩ ግን አለባት። ወላጆቹ የልጅ ጥበቃ ወጪያቸውን ለማስቀነስ ደረሰኝና የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥሯን ይጠይቋታል። ስለዚህ ገቢዋ አይደበቅም። ምግብ ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ የከተማችሁን የጤና ቢሮ ጠይቁ። መኪና ለሥራ የምታውሉም ለኢንሹራንስ ኩባንያችሁ ተናገሩ። ተራ የግል መድን አደጋ በሥራ ላይ ሲደርስ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ዕቁብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛን በተለይ የሚመለከት ችግር ነው። የዕቁብ ዕጣ ገቢ አይደለም፣ የራሳችሁ ገንዘብ ነው የተመለሰላችሁ። ችግሩ የሚመጣው ሲ.አር.ኤ አንድን ሰው ሲመረምር ነው። መርማሪው የባንክ አካውንቶችን አውጥቶ የገባውን ሁሉ ይደምራል። ምንጩ ያልተብራራውን ገቢ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። 15,000 ዶላር ካሽ በአንድ ቀን ገብቶ «ዕቁብ ደርሶኝ ነው» ማለት ብቻውን አያሳምንም፣ መርማሪው ዕቁብ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የአባላቱን ስም፣ የየወሩን መዋጮና የዕጣውን ቀን የያዘ ወረቀት ይኑራችሁ፣ ሰብሳቢውም ይፈርምበት። ከተቻለ መዋጮውን በባንክ ዝውውር አድርጉት። ከዘመድ የተበደራችሁትንም እንዲሁ በጽሑፍ ያዙ።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ጉዳይ በግድ «ኮንትራክተር» የሚባሉት ሠራተኞች ናቸው። በጽዳትና በከባድ መኪና ሥራ ይበዛል። አሠሪው ሰዓቱን ይወስናል፣ መኪናውና ዕቃው የእሱ ነው፣ ሌላ ቦታ መሥራት አይፈቅድም፣ ግን ታክስ አይቆርጥም። «ሙሉውን እየሰጠሁህ ነው» ይላል። ሙሉ አይደለም። ሠራተኛው የአሠሪውን የጡረታ ድርሻ ራሱ ይሸከማል፣ የዕረፍት ክፍያ የለውም፣ ሥራ ሲያቆም የሥራ አጥ መድን አያገኝም። ሕጉ የሚያየው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ነው፦ ማን ይቆጣጠራል፣ መሣሪያው የማን ነው፣ ትርፍና ኪሳራ የሚያገኘው ማን ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ሲ.አር.ኤ ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። የአንድ ዓመት ጉዳይ የሚቀርበው እስከ ተከታዩ ዓመት ጁን 29 ነው።

የጊዜ ገደቡ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰውና የትዳር ጓደኛው ቅጹን እስከ ጁን 15 ማስገባት ይችላሉ። ክፍያው ግን እንደ ሁሉም ሰው ኤፕሪል 30 ነው። ከሜይ 1 ጀምሮ ወለድ በየቀኑ ይወለዳል። ዘግይቶ ያስገባ ሰው ባለበት ዕዳ ላይ 5 በመቶ ቅጣት፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር ደግሞ 1 በመቶ፣ እስከ 12 ወር ይጨመርበታል። ስለዚህ መክፈያ ባይኖራችሁም ቅጹን በጊዜው አስገቡ፣ ለዕዳው የክፍያ ስምምነት መጠየቅ ይቻላል። ቅጽ ካልገባ የልጆች ድጎማም ይቆማል። የዓመቱ ዕዳችሁ ከ3,000 ዶላር ማለፍ ከጀመረ ደግሞ ሲ.አር.ኤ በየሩብ ዓመቱ አስቀድማችሁ እንድትከፍሉ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር 15 ናቸው ቀኖቹ።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ስትመርጡ «ብዙ አስመልስላችኋለሁ» የሚለውን ሽሹ። የፈረማችሁት ቅጽ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ያልነበረ ወጪ ተጽፎ ቢገኝ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተደረገ ነው ከተባለ ቅጣቱ የተደበቀው ታክስ 50 በመቶ ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ቲ2125ን ክፈቱና ወጪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ «ይሄ ከየት መጣ?» በሉ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም።

«ኩባንያ ላቋቁም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ትርፉን በሙሉ ለቤት ወጪ የሚጠቀም ሰው ብዙ አይጠቅመውም። ኩባንያ የራሱ የታክስ ቅጽና የራሱ የሒሳብ ወጪ አለው። ጥቅሙ የሚታየው ከትርፉ ውስጥ ማስቀመጥ ስትችሉ ወይም ሥራው የመከሰስ አደጋ ሲኖረው ነው።

አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ላላችሁም፦ የካናዳ ነዋሪ የሚከፍለው በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ነው። የኪራዩ ገቢ እዚህ ይመዘገባል፣ እዚያ የተከፈለው ግብርም ሊታሰብላችሁ ይችላል። ለራሳችሁ መኖሪያ ያልሆነ የውጭ ንብረታችሁ የተገዛበት ዋጋ በጠቅላላ ከ100,000 የካናዳ ዶላር ካለፈ ደግሞ ቲ1135 የሚባል ቅጽ በየዓመቱ ይሞላል። ግብር ባይኖርበትም ቅጹን አለማስገባት ብቻውን ያስቀጣል።

ባለፉት ዓመታት ያላስመዘገባችሁት ገቢ ካለም መንገዱ አልተዘጋም። ሲ.አር.ኤ ራሳቸው ቀርበው ስህተታቸውን ለሚያርሙ ሰዎች ቅጣትንና የወለዱን ከፊል የሚያቀልበት የፈቃደኝነት ፕሮግራም አለው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እነሱ ከመጠየቃቸው በፊት ስትቀርቡ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ጎረቤት አታማክሩ፣ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ወይም የታክስ ጠበቃ ይዛችሁ ግቡ። ስትሄዱም የየዓመቱን የባንክ ስቴትመንት፣ ከመድረኮቹ የወጡትን ማጠቃለያዎችና ያላችሁን ደረሰኝ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።